ስሟ ያልተጻፈበት ቤት፦ የአይሊን ግሬይና የቤት ዕቃዎቿ ታሪክ

ሰው ከቤት ዕቃው ጋር ያለው ትስስር በገንዘብ ብቻ አይለካም። እናት ለልጇ ጎጆ መውጫ የሰፋችው መሶብ፣ አያት ደጅ አውጥተው ፀሐይ የሚሞቁበት በርጩማ፣ ልጆች ሁሉ በየተራ ያደጉበት አልጋ፣ ገበያ ቢወጡ ከሚያወጡት ዋጋ በላይ ለባለቤታቸው ትርጉም አላቸው። የቤት ዕቃ ግን ንብረትም ነው። ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይወረሳል። ስለዚህ ማን አሰበው፣ ማን ሠራው፣ በማን ስምስ ተመዘገበ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ አይሊን ግሬይ የተባለች የቤት ዕቃ ንድፍ ባለሙያ ታሪክ ነው። ከሠራቻቸው ወንበሮች አንዱ እሷ ከሞተች ከብዙ ዓመታት በኋላ በጨረታ 21.9 ሚሊዮን ዩሮ አውጥቷል። ይህች ሴት በሕይወት ሳለች ግን ለአሥርተ ዓመታት ተረስታ ኖራለች፤ በገዛ እጇ ያቀደችው ቤት እንኳ የሌላ ሰው ሥራ ነው ይባል ነበር። እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ማወቅ በእጃችን ሠርተን ለምናድር ሴቶች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከባለጸጋ ቤት ወደ ሙጫ ሥራ

አይሊን ግሬይ በ1878 በአየርላንድ፣ ኤኒስኮርቲ በተባለች ከተማ አቅራቢያ ተወለደች። ቤተሰቧ ባለጸጋና ባለማዕረግ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ካለ ቤት የተወለደች ልጅ የሚጠበቅባት ጥሩ ትዳር መያዝ እንጂ የእጅ ሥራ መማር አልነበረም። እሷ ግን ለንደን ሄዳ ስሌድ በተባለው ትምህርት ቤት ሥነ ጥበብ ተማረች። በዚያው ከተማ፣ ሶሆ በተባለው ሰፈር፣ አሮጌ የላከር ዕቃዎችን የሚጠግን ሱቅ አገኘችና ሥራውን እንዲያሳዩዋት ጠየቀች። በ1902 ወደ ፓሪስ ተሻገረች፤ ከ1907 ጀምሮ የኖረችበትንም መኖሪያ እስከ ዕለተ ሞቷ አልለቀቀችም።

ላከር በእስያ ከሚበቅል ዛፍ የሚወጣ ሙጫ ነው። እንጨት ላይ በስሱ ይቀባል፣ እርጥበት ባለበት ክፍል እስኪደርቅ ለቀናት ይቆያል፣ ይፈገፈጋል፣ እንደገና ይቀባል። አንድ ዕቃ እንደ መስተዋት እስኪያበራ ድረስ 20 እና ከዚያ በላይ ቅብ ሊፈልግ ይችላል። የተቸኮለበት ቅብ ይሰነጠቃል፤ አቧራ ከነካው ደግሞ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። ግሬይ ይህን ጥበብ በፓሪስ ይኖር ከነበረ ሴይዞ ሱጋዋራ ከተባለ ጃፓናዊ ባለሙያ ለዓመታት ተማረች። ሙጫው ቆዳ የሚያሳክክና የሚያቆስል ስለሆነ እጇ ቢቆስልም ሥራውን አልተወችም።

ኢቭሊን ዋይልድ ከተባለች ጓደኛዋ ጋርም ወደ ሰሜን አፍሪካ ተጉዛ ሱፍ ማቅለምና ምንጣፍ መሸመን ከአገሬው ሴቶች ተማረች። በ1910 ከሱጋዋራ ጋር የላከር፣ ከዋይልድ ጋር ደግሞ የምንጣፍ መሥሪያ በፓሪስ ከፈተች። ልብ በሉ፤ የጃፓናዊው መምህር ስም በየመጽሐፉ ይገኛል። ምንጣፍ ያስተማሯት የአፍሪካ ሴቶች ግን «የአገሬው ሴቶች» ተብለው ብቻ ይታለፋሉ። ያለ ስም መቅረት ከግሬይም በፊት የነበረ የሴቶች ዕጣ ነው።

የሱቁ ስም የወንድ ነበር

በ1913 ሥራዎቿን በፓሪስ ዓውደ ርእይ ስታቀርብ ዣክ ዱሴ የተባለ ዝነኛ የልብስ ንድፍ ባለሙያና ሰብሳቢ አያት። ዕጣ ፈንታ የሚል ስም ያለውን ቀይ ባለላከር መከለያዋን ገዛ፤ ጠረጴዛዎችም አሠራት። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ግሬይ አምቡላንስ ነዳች። ጦርነቱ ሲያበቃ ማዳም ማቲዩ ሌቪ የተባለች የታወቀ የባርኔጣ ቤት ባለቤት የመኖሪያ ቤቷን ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንድታሰናዳላት ቀጠረቻት። እንደ ታንኳ የተቀረጸው የቀን ማረፊያ አልጋ ለዚህች ደንበኛ የተሠራ ነው። ክንዶቹ በእባብ መሰል ዘንዶዎች የተቀረጹት፣ በቡናማ ቆዳ የተሸፈነው ወንበርም እንደዚሁ።

በ1922 ግሬይ በፓሪስ ሀብታሞች በሚገበያዩበት መንገድ የራሷን ሱቅ ከፈተች። በበሩ ላይ የተጻፈው ስም ግን «ዣን ዴዜር» የሚል ነበር። ዣን የወንድ ስም ነው፤ ዴዜር በፈረንሳይኛ በረሃ ማለት ሲሆን የምትወደውን የሰሜን አፍሪካ በረሃ ያስታውሳል። ዣን ዴዜር የሚባል ሰው በሕይወት አልነበረም። ሱቁ ከቤት ዕቃው ይልቅ ምንጣፉ ይሸጥለት ነበር፤ በ1930 ተዘጋ። ግሬይ የቤተሰብ ገንዘብ ስለነበራት ኪሳራውን ችላዋለች። እንደ አብዛኞቻችን በሥራዋ ገቢ ብቻ ብትተዳደር ኖሮ ከዚያ ቀደም ብሎ ይዘጋ ነበር።

ለአካል የሚያስብ ዕቃ

ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት ግሬይ ከጌጠኛው ሥራ ርቃ ወደ ሌላ ሐሳብ ሄዳለች። ዕቃው ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለሚጠቀምበት ሰው አካልና ልማድ እንዲስማማ ፈለገች። ከ1926 እስከ 1929 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ሮክብሩን በተባለ ስፍራ፣ በባሕር ዳር ገደል ላይ አንድ ቤት አቀደችና አሠራች። አብሯት የሠራው ዣን ባዶቪቺ የተባለ ትውልደ ሮማኒያ አርክቴክት ነው። ለቤቱ ኢ 1027 የሚል ስም ሰጠችው። ኢ የአይሊን የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ 10፣ 2 እና 7 በላቲን ፊደል ተራ የዣን፣ የባዶቪቺና የግሬይ የመጀመሪያ ፊደሎች ናቸው። በስሙ ውስጥ የእሷ ፊደሎች የእሱን ፊደሎች ከግራና ከቀኝ አቅፈዋቸዋል።

ለዚህ ቤት ከሠራቻቸው ዕቃዎች ሁሉ የታወቀው አንዲት ትንሽ ክብ ጠረጴዛ ናት። እግሯ የብረት ቱቦ፣ ገጿ መስተዋት ነው። እግሯ ወደ አንድ ወገን ስለተሠራ ከአልጋ ሥር ይገባል፤ ገጿ ከተኛ ሰው ፊት ይደርሳል። ቁመቷም እንደ አስፈላጊነቱ ከፍና ዝቅ ይላል። እንደሚነገረው እኅቷ አልጋ ላይ ሆና ቁርስ መብላት ትወድ ስለነበር ፍርፋሪው አንሶላ ላይ እንዳይወድቅ ብላ ነው ያሰበችው። አራስ ወይም በሽተኛ ያስታመመች ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስረዳት ይገባታል።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። አንዱን ወንበር ተቀማጩ እንደልቡ ዞር እንዲል ብላ አንድ ክንድ ብቻ ሠራችለት። የሳህንና የብርጭቆ ኳኳታ እንዳይረብሽ የምግብ ጠረጴዛውን ገጽ በቡሽ ሸፈነችው። ከትልቁ መስተዋት ጋር ማጅራት የሚያሳይ ትንሽ መስተዋት አያያዘች። ቢቤንደም የተባለው ወፍራም ባለቆዳ ወንበሯ የሚሽሊን የጎማ ፋብሪካ ምልክት የሆነውን ሰው ስም ይዟል፤ መደገፊያው እንደ ተደራረበ ጎማ ነውና። እነዚህ ሁሉ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እንደሚበላ፣ እንደሚተኛ በትዕግሥት ከመመልከት የመጡ ናቸው። የቤት ሥራ የለመደች ሴት በየቀኑ የምታየውን ነገር ግሬይ ወደ ብረት፣ ቆዳና መስተዋት ቀየረችው።

ስሟ እንዴት ጠፋ?

ያ ቤት የተመዘገበው በባዶቪቺ ስም ነበር። ሁለቱ ሲለያዩ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ቤቱን ትታ የወጣችው ግሬይ ናት። ካስቴላር በተባለች መንደር ሌላ ቤት ለራሷ ሠራች።

ከዚያም ሌ ኮርቡዚዬ የተባለው እጅግ ዝነኛ አርክቴክት በእንግድነት ወደ ኢ 1027 መጣ። በ1938 ቤቱን አድንቆ ለግሬይ ደብዳቤ ጽፎላት ነበር። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ግን ሳያስፈቅዳት በግድግዳዎቹ ላይ ትልልቅ ሥዕሎች ሣለ። ግሬይ ሥራዬን አበላሸው ብላ በጣም አዘነች። ሥዕሎቹ በመጽሔት ሲታተሙም ስሟ አልተጠቀሰም። እሱ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከቤቱ አጠገብ የራሱን ትንሽ ጎጆ ከሠራ በኋላ ብዙ ሰው ቤቱም የእሱ ወይም የባዶቪቺ ይመስለው ጀመር። ባዶቪቺ በ1956 ሲሞት ቤቱ ለሌሎች አለፈ እንጂ ወደ እሷ አልተመለሰም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ወታደሮች የኢ 1027ን ግድግዳ የተኩስ መለማመጃ አደረጉት። ካስቴላር የነበረው ቤቷ ተዘረፈ፤ ሳን ትሮፔ ከተማ ያስቀመጠቻቸው ንድፎቿም በቦምብ ወደሙ። ያ ሁሉ ከጠፋ በኋላ የማን ሥራ እንደሆነ የሚያስረዳላት ማስረጃ ጥቂት ሆነ።

ዘግይቶ የመጣ ዋጋ

በ1968 ጆሴፍ ሪክወርት የተባለ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ጸሐፊ ስለ እሷ በአንድ የጣሊያን መጽሔት ጻፈ። በ1972 የዣክ ዱሴ ስብስብ ፓሪስ ላይ በጨረታ ሲሸጥ ያ ቀይ መከለያ ከፍተኛ ዋጋ አወጣ፤ ሰዎችም ሠሪዋ በሕይወት እንዳለች ሲሰሙ ተገረሙ። ዕድሜዋ ከ90 አልፎ ነበር። ዜቭ አራም የተባለ የለንደን የቤት ዕቃ ነጋዴ ደግሞ ከእሷ ጋር ተስማምቶ ከ1973 ጀምሮ ዕቃዎቿን በስሟና በፈቃዷ እንደገና ማምረት ጀመረ። ግሬይ በ1976 በ98 ዓመቷ ፓሪስ ውስጥ አረፈች።

በ2009 የልብስ ንድፍ ባለሙያው ኢቭ ሳን ሎራን የሰበሰባቸው ዕቃዎች ፓሪስ ላይ ለጨረታ ሲቀርቡ ያ ባለዘንዶ ወንበር ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዩሮ ያወጣል ተብሎ ተገምቶ ነበር። 21.9 ሚሊዮን ዩሮ አወጣ። በዚያን ጊዜ ለ20ኛው ክፍለ ዘመን የቤት ዕቃ እንዲህ ያለ ዋጋ ተከፍሎ አያውቅም ነበር። ኢ 1027ም ከብዙ ዓመት እድሳት በኋላ ዛሬ በስሟ ይጎበኛል።

ሁለቱን አወዳድሩ። 21.9 ሚሊዮኑ ከሞተች ከ33 ዓመት በኋላ የመጣ የሰብሳቢዎች ገንዘብ ነው። በሕይወት ሳለች ስሟን የመለሰላት ከአራም ጋር ያደረገችው ስምምነት ነው። የእኅቷ ጠረጴዛ እስከ ዛሬ በአይሊን ግሬይ ስም ይሸጣል።

ለእኛ የሚተርፈው

ግሬይ ከአብዛኞቻችን በገንዘብም በትምህርትም የተሻለች ነበረች። እሷን ያላዳናት ሀብትና ችሎታ እኛንም ብቻውን አያድነንም። በሐረር ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ውብ ሰፌቶች ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፉ የሴቶች ሥራ ናቸው። ጎብኚ ፎቶ ያነሳቸዋል፣ ነጋዴ ይገዛቸዋል፤ የሰፊዋ ስም ግን ከሰፌቱ ጋር ከቤት አይወጣም። መሶብም እንደዚሁ ነው። «የሐረር ሥራ ነው»፣ «የጎንደር ሥራ ነው» ይባላል እንጂ የእገሊት ሥራ ነው አይባልም።

በአገራችን በብዙ ክልሎች የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲሰፍር መደረጉ ትልቅ ነገር ነው። ስሟ የሰፈረላት ሴት ባሏ ቢሞት ወይም ቢለያዩ የምታሳየው ወረቀት አላት። የእጅ ሥራችንንም በዚያው ዓይን ብናየው ምን አለበት?

የምንሠራውን ዕቃ ገዢ ከመውሰዱ በፊት ፎቶ እናንሳው። ለማን፣ መቼ፣ በስንት እንደተሸጠ በደብተር እንጻፍ። ከሰፌቱ ሥር ወይም ከምንጣፉ ጫፍ ስማችንን ወይም የማኅበራችንን ምልክት እንስፋ። ብዙ ዕቃ የሚያዝ ነጋዴ ሲመጣ ንድፉ የማን እንደሆነ በጽሑፍ እናስፍር። ቤት ስንሠራና ዕቃ ስናስገባ ደግሞ ስማችን ካርታውና ደረሰኙ ላይ መኖሩን በጊዜው እንይ። ሥራችንን የምትደግፉ ወዳጆቻችንም ከእኛ የገዛችሁትን መሶብ ለእንግዳችሁ ስታሳዩ የሰፋችውን ሴት ስም አብራችሁ ንገሩልን።