ቀለም የተቀባ የዘር ስንዴ፦ ቢታጠብስ ይበላል?



በአሰላና በአርሲ ደጋ የመኸር ዘር ከተዘራ በኋላ ጥቂት ምርጥ ዘር ከረጢት ውስጥ ይተርፋል። ወቅቱ ደግሞ ጎተራ የሚጎድልበት ክረምት ነው። ያኔ «ዶክተር፣ ቀለሙ እስኪለቅ አጥበን ብንፈጨውስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሴ «በፍጹም» ነው። ምክንያቱን ታሪክ በደንብ ያስረዳናል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘር በፈንገስ እንዳይጠቃ በመድኃኒት ማሸት የቆየ ዘዴ ነው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ለብዙ ዓመታት የሜርኩሪ፣ በእኛ አጠራር የባዜቃ፣ ውህድ ነበር። ስዊድን ውስጥ የታሸ ዘር የለቀሙ ወፎች መሞት ሲጀምሩ አገሪቱ በ1966 እጅግ መርዛማ የሆነውን ዓይነት ከለከለች። በዓመቱ፣ በ1967፣ ይህችው ስዊድን ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆና አሰላ ላይ ካዱን አቋቋመች። አባቶቻችን ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን በስፋት የለመዱት በካዱ ጊዜ ነው።

በዚያው ዘመን ምርጥ ዘር ወደ ሌሎች አገሮችም ይጓዝ ነበር። ኢራቅ ከድርቅ በኋላ ከ73,000 ቶን በላይ የዘር ስንዴና 22,000 ቶን ያህል ገብስ ገዛች። እህሉ በ1971 መገባደጃ ባስራ ወደብ ደረሰ። በሜቲል ሜርኩሪ የታሸ ነበር፤ እንዳይበላም ቀለም ተቀብቷል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ግን ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ነበር። ብዙዎቹም ዘሩ ሲደርሳቸው የራሳቸውን ዘርተው ጨርሰው ነበር።

አንዳንዶች ቀለሙን አጠቡት። አንዳንዶች ለዶሮ ሰጥተው ጥቂት ቀን ጠበቁ፤ ዶሮዎቹ ምንም አልሆኑም። ከዚያ ፈጭተው ዳቦ ጋገሩ። ከሳምንታት በኋላ እጅና እግር መደንዘዝ፣ መንገዳገድ፣ የዓይን መጋረድ፣ የምላስ መተሳሰር መጣ። ሆስፒታል የገቡት 6,530 ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱ 459ኙ ሞቱ። እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ዳቦውን የበሉ ሕፃናት፣ እናትየው ብዙም ሳትታመም እንኳ፣ አንጎላቸው ተጎድቶ ተወለዱ።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን፦

1. ውሃ የሚያስለቅቀው ቀለሙን ነው፤ መርዙ እህሉ ውስጥ ይቀራል። ሜርኩሪ ብረት ነውና መቁላት፣ መቀቀልም ሆነ መጋገር አያጠፋውም።
2. «በልተን ምንም አልሆንም» ማለት ደህና ነን ማለት አይደለም። ሜርኩሪ በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል፤ ምልክቱ ሲታይ የተጎዳው ነርቭ ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞው አይመለስም።
3. ከሁሉ የሚጎዳው ገና እያደገ ያለ አንጎል ነው፤ ማለትም ጽንስና ሕፃን።

በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸው ፀረ ተባዮች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱ አድርጓል። ስለዚህ ዛሬ ዘር የሚታሽባቸው መድኃኒቶች በአብዛኛው ሌሎች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ግን መርዝ ናቸው፤ ቀለሙም እንደ ድሮው «አትብሉኝ» የሚል ምልክት ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፦

• ቀለም ያለውን ዘር ለቆሎ፣ ለንፍሮ፣ ለቅንጬም ሆነ ለዱቄት አትጠቀሙ። ለዶሮና ለከብትም አትስጡ።
• የተረፈውን በራሱ ከረጢት፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ። ምን እንደምታደርጉበት የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።
• ባዶውን ከረጢት አጥባችሁ እህል ወይም ዱቄት አትያዙበት።
• ዘርታችሁ ስትመለሱ፣ ልጅ ከማቀፋችሁና ምግብ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
• ልጅ ከበላ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ምልክትም አትጠብቁ። ከረጢቱን ወይም በላዩ ያለውን ጽሑፍ ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ነፍሰ ጡር ከበላችም እንዲሁ።

የኢራቅ ገበሬዎች ማስጠንቀቂያውን ማንበብ አልቻሉም። እኛ ግን ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችን ልናነብላቸው እንችላለን። ይህን ለገጠር ዘመዶቻችሁ በስልክ ንገሩልኝ።

ጤናችሁ ይብዛ!