ከሮም ወጥቶ ሳርዲኒያ የከረመው አይብ

ፔኮሪኖ ሮማኖ በሮም ስም ይጠራ እንጂ አብዛኛው የሚሠራው ባሕር ተሻግሮ በሳርዲኒያ ደሴት ነው። ደሴቲቱ 1.6 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ሲኖራት በጎቿ 3 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ አይብ ሲባል ወደ ሐሳቡ የሚመጣው ከአሬራ የወጣው፣ ከክትፎና ከጎመን ጋር ብዙ ሳይቆይ የሚበላው ለስላሳ አይብ ነው። ይህኛው የሚሠራው ከበግ ወተት ብቻ ሲሆን፣ ጨው ጠግቦ ወራት ይከርማል። በከረመ ቁጥር እየጠነከረ ስለሚሄድ የቆየው ተፈቅፍቆ ምግብ ላይ ይነሰነሳል።

በዘመናችን ይህ አይብ በየአመጋገብ ስልቱ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። አንዱ ያወድሰዋል፣ ሌላው በጨዉ ይከሰዋል። ጨዉ ግን በኋላ የተጨመረ ጣዕም ማሳመሪያ አይደለም፤ አይቡ የተፈጠረበት ምክንያት ነው።

ስለ እርሻ የጻፈው ሮማዊ ኮሉሜላ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአይብ አሠራርን በዝርዝር አስፍሯል። ወተቱ ለብ ይላል፤ ከጠቦት ወይም ከፍየል ግልገል ጨጓራ በሚገኝ ማርጊያ ይረጋል፤ አጓቱ እንዲወጣ ክብደት ይጫንበታል፤ ጨው ይነሰነስበትና እንደገና ይጫናል። እንዲህ የተሠራ አይብ ባሕር ተሻግሮ ሊላክ እንደሚችልም ጽፏል። ጨው ውሃውን ስለሚስብ አይቡን የሚያበላሹት ጥቃቅን ተሕዋስያን መራቢያ ያጣሉ። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዓለም ወተት ከአንድ ወቅት ወደ ሌላው፣ ከአንድ አገርም ወደ ሌላው የሚሻገርበት ጥሩ መንገድ ይህ ነበር። የጦር ሠራዊትም የሚፈልገው እንዲህ ያለ ስንቅ ነው። የንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን የሕይወት ታሪክ እንደሚለው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከወታደሮቹ ጋር ሲሰለፍ የሚበላው የሰፈሩን ምግብ ነበር፤ የአሳማ ስብ፣ አይብና በውሃ የቀጠነ ኮምጣጤ።

ሙያው ከዚያ ወዲህ በሮም ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ ኖረ። የአብሩዞ እረኞች ክረምቱ ሲበረታ መንጋቸውን ከተራራ ወደዚያ ሜዳ ያወርዱ ነበር። በበጋ ሙቀቱና ወባው ሲመጣ ተመልሰው ወደ ደጋው ይወጣሉ። አይቡ በየመስኩ ተሠርቶ ወደ ከተማ ሲገባ፣ ጨው የሚቀባውና የሚከርመው በሮም ነጋዴዎች ሱቅ ውስጥ ነበር። የተጠናቀቀው አይብ ከ20 እስከ 35 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እያንዳንዱን እያገላበጡ በደረቅ የባሕር ጨው ማሸት፣ ከዚያም ሥራውን በሳምንታት ልዩነት መድገም ጉልበትም ዕውቀትም ይጠይቃል። ጥቂት ቢበዛ አይቡ ይመራል፣ ቢያንስ ይበላሻል፤ ይህን በእጁ መዳፍ የሚለይ ባለሙያ የሙያው ሁሉ ምሰሶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1884 የሮም ከተማ ምክር ቤት በሱቆች ውስጥ አይብ በጨው ማሸትን ከለከለ። አዲሲቱ የኢጣሊያ መንግሥት ዋና ከተማ እየሰፋችና እየተለወጠች ነበር፤ ይህን የመሰለው ሥራ ከመሐሏ እንዲወጣ ተፈለገ። ብዙ አምራቾች ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ሳርዲኒያ ተሻገሩ። በዚያ በጉም፣ ሰፊው ግጦሽም፣ በካልያሪ ዳርቻ የሚመረተው የባሕር ጨውም ነበር። የደሴቲቱ እረኞች ከጥንት ጀምሮ የራሳቸውን አይብ ይሠሩ ነበር፤ አሁን ግን ወተታቸውን ገንዘብና የሮምን አሠራር ይዘው ለመጡት ፋብሪካዎች መሸጥ ጀመሩ። አንድ የከተማ ክልከላ የአንድን ደሴት ኑሮ እንዲህ መለወጡ ከዚህ አይብ ታሪክ ሁሉ እጅግ አስደናቂው ምዕራፍ ነው።

ገበያው ደግሞ ከአትላንቲክ ማዶ ይጠብቅ ነበር። ከ1880 እስከ 1924 ባሉት ዓመታት 4 ሚሊዮን ገደማ ኢጣሊያውያን ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። አብዛኞቹ የደቡብ ድሆች ነበሩ። በኒው ዮርክና በሌሎች ከተሞች የለመዱትን ፓስታ ሲቀቅሉ የለመዱትን አይብ ፈለጉ፤ ረጅም የመርከብ ጉዞና የመጋዘን ቆይታ የማያበላሸው ይህ ጨዋማ አይብ ደረሰላቸው። አሜሪካ እስከ ዛሬም ዋነኛዋ የውጭ ገዢ ናት።

በስደት የተሸጋገረው ምግብ ከጊዜ በኋላ የሐኪሞችን ዓይን ሳበ። አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሰል ኪስ በ1950ዎቹ የደቡብ ኢጣሊያ ገበሬዎችን አመጋገብ አጠና፤ በ1958ም በሰባት አገሮች የሚካሄደው ትልቅ ጥናቱ ተጀመረ። ገበሬዎቹ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና የወይራ ዘይት ይበሉ ነበር፤ ሥጋ ብርቅ ሲሆን አይብም በመጠኑ ነበር። ከዚህ የተወለደው የሜዲትራኒያን አመጋገብ በ2010 በዩኔስኮ ተመዘገበ። በዚህ አመጋገብ ፔኮሪኖ ቦታው የታወቀ ነው፦ ፓስታ ወይም ባቄላ ላይ የሚነሰነስ አንድ እፍኝ። ሮማውያን ሜይ 1 ቀን ከከተማ ወጥተው እሸት ባቄላ እየፈለፈሉ ከፔኮሪኖ ጋር ይበላሉ፤ ይህ ከማንኛውም የሐኪም ሠንጠረዥ በላይ የአይቡን ትክክለኛ ወዳጅ ያሳያል።

ካርቦሃይድሬትን እጅግ የሚቀንሰው ኪቶ የሚባለው ስልት ግን ባቄላውንም ፓስታውንም አውጥቶ አይቡን ብቻ አስቀርቷል። ስልቱ በ1921 በማዮ ክሊኒክ ሐኪሙ ራስል ዋይልደር ለሚጥል በሽታ ሕክምና ያቀረበው ነበር፤ ክብደት መቀነሻ ሆኖ የተስፋፋው ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ነው። 100 ግራም የሮማኖ አይብ 32 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ 27 ግራም ገደማ ስብ ሲኖረው ካርቦሃይድሬቱ ከ4 ግራም አይበልጥም። ለኪቶ ተከታይ ይህ ግሩም ቁጥር ነው። በዚያው መቶ ግራም ውስጥ ግን 1,400 ሚሊ ግራም ገደማ ሶድየም አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 በታች ይሁን ይላል። የደም ግፊትን ለመቀነስ የተቀረጸውና በ1997 ውጤቱ የታተመው ዳሽ የተባለው አመጋገብ በበኩሉ ቅባቱ የቀነሰ የወተት ተዋጽኦን ይመክራል፤ እንዲህ ያለ አይብ ከዚያ ጋር የሚታረቀው መጠኑ ሲያንስ ብቻ ነው። በቁራሽ የሚበላ ሰው አይቡን ከልማዱ አውጥቶታል፤ ለፍቅፋቂ የከረመ አይብ ጣዕሙን በማንኪያ መጠን እንዲሰጥ ሆኖ የተሠራ ነው።

የወተት ስኳር ለማይስማማው ሰው መክረሙ ጥሩ ዜና ነው፤ ስኳሩ ከፊሉ ከአጓቱ ጋር ይወጣል፣ የቀረውንም ባክቴሪያዎች ይጨርሱታል። ሥጋ የማይበላ ሰው ግን ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ፔኮሪኖ ሮማኖ ኮሉሜላ እንደጻፈው ሁሉ ዛሬም በጠቦት ጨጓራ ማርጊያ ይረጋል። በ1996 በአውሮፓ ደረጃ የተጠበቀው ስሙ ይህን ያስገድዳል። ከሳርዲኒያ፣ ሮም ካለችበት ከላትሲዮና ከቶስካና ግሮሴቶ አውራጃ ውጭ የተሠራም ስሙን አይይዝም። ለማዕድ ቢያንስ 5 ወር፣ ለፍቅፋቂ 8 ወር መክረም አለበት።

ይህ ሁሉ ጥበቃ እረኛውን ሁልጊዜ አላዳነውም። አይቡ ከመጠን በላይ ተመርቶ ዋጋው ሲወድቅ የወተቱም ዋጋ አብሮ ወደቀ። በፌብሩዋሪ 2019 ለአንድ ሊትር 60 የዩሮ ሳንቲም ገደማ የሚከፈላቸው የሳርዲኒያ በግ አርቢዎች ወተታቸውን አውራ ጎዳና ላይ ደፉት። ማለዳ ተነስተው ያለቡትን ወተት አስፋልት ላይ ሲያፈሱ የሚያሳየው ምስል ኢጣሊያን አስደነገጠ። የጠየቁት 1 ዩሮ ነበር። ከሳምንታት ድርድር በኋላ በ74 ሳንቲም መነሻ ተስማሙ፤ ቀሪውም ፔኮሪኖ ሮማኖ በገበያ በሚያወጣው ዋጋ ላይ ተመሥርቶ በኋላ እንዲስተካከል ተወሰነ።