የታጣቂ ስለት ዝገትና መከላከያው

የታጣቂ ስለት ዝገት ማለት በወገብ፣ በክንድ ወይም በአንገት ታጥቀው ከገላ አስጠግተው በሚይዙት ቢላዋና ጩቤ ላይ፣ ብረቱ ከላብ ርጥበትና ከአየር ኦክሲጅን ጋር በመዋሐዱ የሚፈጠር ቀይ ቡናማ ውሑድ ነው። ይህ ጥፋት የብዙ ዓይነት ብረት ዕጣ ቢሆንም፣ ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው በካርቦን አረብ ብረት ላይ ነው። የዚህ ብረት ባሕርይ ስለቱን በቀላሉ እንዲሳልና ለረጅም ጊዜ እንዲቆርጥ የሚያደርገው ቢሆንም፣ ራሱን ከርጥበት የሚጠብቅበት ጋሻ ግን ከተፈጥሮው አልተሰጠውም።

የዝገቱ ምክንያት

ለቢላዋ የሚሆን ካርቦን አረብ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 0.6 እስከ 1 እጅ ያህል ካርቦን የያዘ ሲሆን፣ ሃሪ ብሪርሊ በ1913 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ካስተዋወቀው ከማይዝገው ብረት የሚለየው በክሮሚየም ማነስ ነው። በማይዝገው ብረት ውስጥ ከመቶ ቢያንስ 10.5 እጅ የሚሆን ክሮሚየም ስላለ፣ በላዩ ላይ ረቂቅና ጽኑ ሽፋን ይሠራለታል፤ ካርቦን አረብ ብረት ግን የሚያወጣው ዝገት ቀዳዳ የበዛበትና ከብረቱ ይልቅ ሰፊ ቦታ የሚይዝ በመሆኑ፣ እየተላጠ አዲሱን ብረት ለአዲስ ዝገት አሳልፎ ይሰጣል።

ላብ ይህን ሥራ የሚያፋጥነው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በውስጡ ያለው ጨው ውሃውን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ያደርገዋል፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድም በብረቱ ላይ ያለውን ስስ ሽፋን ይሰብራል። ሁለተኛ፣ ላብ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት አሲድነት አለው። ሦስተኛ፣ የገላ ሙቀት የውሕደቱን ፍጥነት ይጨምራል። በዚህ ላይ ከቆዳ የተሠራ አፎት ላቡን ጠጥቶ በውስጡ ስለሚያስቀር፣ ባለቤቱ ገላውን ታጥቦ ከደረቀ በኋላ እንኳ ስለቱ በጨውና በርጥበት ተከቦ ያድራል። ጨው ከአየር ውስጥ ርጥበትን ወደ ራሱ የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ ላቡ ደርቋል ተብሎ በሚታሰብበት ሰዓት እንኳ ዝገቱ ሥራውን አያቆምም።

ከገላ አስጠግቶ ስለት መታጠቅ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ጥንታዊ ልማድ ነው። በሰሃራ በረሃ የቱዋሬግ ሰዎች ጩቤን በክንዳቸው ላይ ሲያስሩ፣ በአገራችን ደግሞ የአፋር ሰው ሰፊውን፣ ጎበጥ ያለውንና በሁለት ወገን የተሳለውን ጊሌ የተባለ ጩቤ በቆዳ አፎት አድርጎ ከወገቡ ፊት ይታጠቃል። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው፣ አሞሌ ጨው በሚቆረጥበት በአፋሩ ዳሎል አካባቢ፣ ሐሩርና ጨው ተባብረው በአንድ ስፍራ ስለሚገኙ፣ የስለቱ ጤንነት ከብረቱ ጥራት ይልቅ በባለቤቱ ትጋት ላይ የቆመ ነው።

መከላከያው

የመከላከያው ሥርዓት ማጠብ፣ ማድረቅና መቀባት ሲሆን፣ ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ ጨው ባለበት ስለት ላይ የሚፈስ ዘይት ጨውን ከነርጥበቱ ሸፍኖ ያስቀረዋልና። ስለዚህ ስለቱ በዕለቱ መጨረሻ ከአፎቱ ወጥቶ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ በተለይም እጀታው ከብረቱ ጋር በሚገጥምበት ስፍራ፣ ላብ ተሸሽጎ የሚቀረው በዚያ ስለሆነ፣ በደረቅ ጨርቅ እስኪጠራ ይወለወላል፤ ቀጥሎም በዓይን የማይለይ ያህል ስስ የሆነ ዘይት ይቀባል። ለዚህ ተግባር የተጣራ የማዕድን ዘይት ይሻላል፤ ምግብ ለሚቆርጥ ስለት ግን ለምግብ የተፈቀደውን ዓይነት መምረጥ ግድ ነው። የኑግና የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኙ እየጠነከሩና እየተጣበቁ ስለሚሄዱ፣ ቅቤም ውሃ ያለበትና ሲቆይ የሚኮመጥጥ ስለሆነ አይመከሩም። በጃፓን ሰይፍ ጠባቂዎች የቅርንፉድ ሽታ ያለው ዘይት መቀባት የቆየ ልማዳቸው ነው። የንብ ሰምም በስሱ ሲቀባ ላብን ከብረት ይለያል።

ሌላው ዘዴ ብረቱን አስቀድሞ በሆምጣጤ ወይም በወፍራም ሻይ አጥቁሮ ጠቆር ያለ ሽፋን እንዲይዝ ማድረግ ነው፤ ይህ ሽፋን ዝገትን ያዘገያል እንጂ ፈጽሞ አይከለክልም። አፎትን በሚመለከት፣ ስለት በቆዳ አፎት ውስጥ ሆኖ ለወራት ሊቀመጥ አይገባም፤ ቆዳው ከማልፊያው የቀረ አሲድና ጨው ሊኖረው ይችላልና። የፕላስቲክ አፎት ላብን አይጠጣም፤ ነገር ግን ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ ከታች ያስፈልገዋል።

የዝገቱ ማስወገጃ

ዝገቱ ገና በላይ ያለ ከሆነ፣ ዘይት አርከፍክፎ ጥቂት ሰዓት ማቆየትና ከዚያ በጣም ደቃቅ በሆነ የብረት ሽቦ በቀስታ ማሸት ይበቃል። ሥር ለሰደደው ዝገት ስለቱ በሆምጣጤ ውስጥ ይነከራል፤ ዳሩ ግን በየጊዜው እየወጣ መታየት ይኖርበታል፤ አሲዱ ዝገቱን ጨርሶ ወደ ጤናማው ብረት ከመሻገሩም በላይ፣ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ጠንካራ ብረትን ሊያሰባብር ይችላልና። ከዚያ በኋላ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ይታጠባል፤ ወዲያው እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ዘይትም ይቀባል። ስለትን በእሳት ላይ ማድረቅ ግን ታላቅ ጥፋት ነው፤ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴልስየስ ገደማ ሲደርስና ሲያልፍ ብዙ ስለቶች በቀጥቃጩ እጅ ያገኙትን ጥንካሬ ማጣት ይጀምራሉ። ጥንታዊ ቅርስ የሆነ ስለትም ያለ ባለሙያ ምክር ሊፋቅ አይገባውም።

ለብዙ ሰዎች የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ከዝገቱ የሚመጣ ይመስላቸዋል፤ በሽታውን የሚያመጣው ግን በአፈርና በእበት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ስለሆነ፣ የዛገም ሆነ የጠራ ስለት የወጋው ሰው ቁስሉን አጥቦ ክትባቱን እንዲከታተል ያስፈልጋል።

ስለዚህ ስለት ታጣቂ ሁሉ፣ ዝገት ብረቱን ከበላ በኋላ ከማስወገድ ሳይነካው በፊት መጠበቅ እጅግ የቀለለ መሆኑን ተገንዝቦ፣ ማታ ማታ ጥቂት ደቂቃ ለመሣሪያው ይስጥ፤ እንዲህ የተጠበቀ ካርቦን አረብ ብረት ከአባት ወደ ልጅ ሊተላለፍ የሚችል ንብረት ነው።