ቦይለርሜከር፤ የውስኪና የቢራ ቅልቅል በቤት ውስጥ

ቦይለርሜከር፣ ውስኪና ቢራ ጐን ለጐን ቀርበው አንዱ ሌላውን እየተከተለ ወይም በአንድ ብርጭቆ ተዋሕደው የሚጠጡበት፣ መነሻው የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የሆነ መጠጥ ነው። ስሙን ያገኘው በ19ኛው መቶ ዓመት የባቡርን የእንፋሎት ጋን ሲቀጠቅጡና ሲጠግኑ ይውሉ ከነበሩት የብረት ሠራተኞች እንደ ሆነ ይተረካል፤ እነዚህም ሰዎች ከእቶኑ ፊት ተነሥተው ወደ መጠጥ ቤት በገቡ ጊዜ፣ አስቀድመው አንድ መለኪያ ውስኪ በአንድ ትንፋሽ ጨልጠው፣ ጉሮሯቸውን የለበለበውን እሳት በቀዝቃዛ ቢራ ያበርዱት ነበር ይባላል። ይህ የድካመኛ ሰው ልማድ ከጊዜ በኋላ ወደ ባለጸጎች አዳራሽና ወደ ቤት ገበታ ገብቶ፣ በልክና በሥርዓት የሚሰናዳ መጠጥ ለመሆን በቅቷል።

ልማዱ ግን የአሜሪካኖች ብቻ አይደለም። ስኮትላንዶች አንድ መለኪያ ውስኪ ከግማሽ ፓይንት ቢራ ጋራ ያዝዛሉ፤ ሆላንዶች በውስኪው ፈንታ የኔቨር የተባለውን የአገራቸውን አረቄ ያቀርባሉ፤ ኮሪያውያን ፖክታንጁ ብለው መለኪያውን እንዳለ ከቢራው ውስጥ ይጥሉታል፤ የብረት ማቅለጫ ከተማ በሆነችው በፒትስበርግ ደግሞ ኢምፔሪያል የተባለው ውስኪና አይረን ሲቲ የተባለው የከተማዪቱ ቢራ አንድ ላይ የሚታዘዙ ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ግን በዚሁ ስም የሚጠራው መጠጥ ሁለት ዓይነት ቢራ የተቀላቀለበት እንጂ ውስኪ የሌለበት ስለ ሆነ፣ መንገደኛ ስሙን ብቻ ይዞ ቢያዝዝ ያላሰበውን ይቀበላል።

ጥንተ ነገራቸውን ለመረመረ ሰው፣ ሁለቱ መጠጦች ከአንድ አዝመራ የወጡ ዘመዳሞች ናቸው። ብቅል በሙቅ ውሃ ተዘፍቆ የወጣው ጣፋጭ ጭማቂ፣ ሆፕስ የተባለው መራራ አበባ ገብቶበት ተፈልቶ በእርሾ ከተብላላ ቢራ ይሆናል፤ ሆፕስ ሳይገባበት ተብላልቶ፣ በእሳት ላይ ተጥዶ እንፋሎቱ ከተለቀመና ለዓመታት በእንጨት በርሜል ከተኛ ግን ውስኪ ይሆናል። በአገራችን ባልቴቶች ድፍድፉን በማሰሮ ጥደው አረቄ ሲያወጡ ያየ ሰው የውስኪን ምሥጢር በግማሽ ዐውቆታል፤ የቀረው ግማሽ የበርሜሉ ሥራ ነው። የስኮትላንድ ሕግ ውስኪው ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል እንዲቈይ ያዝዛል፤ የአሜሪካው ቡርቦን ደግሞ ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ሆኖ፣ ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል መቀመጥ አለበት፤ የቫኒላና የተቃጠለ ስኳር መዓዛ የሚሰጠውም ይኸው የከሰለ እንጨት ነው። በቢራው በኩል የሚመጣው ምሬት፣ ጌሾ በጠላ ውስጥ የሚፈጽመውን ግብር ከሚፈጽመው ከሆፕስ አበባ የተገኘ ነው።

የተቀላቀለ መጠጥ የሚጠራበት ኮክቴል የሚለው ስም ከነፍቺው በጽሑፍ የታየው እ.ኤ.አ. በ1806 በኒው ዮርክ ግዛት በሃድሰን ከተማ በታተመ ጋዜጣ ላይ ሲሆን፣ ፍቺውም ከጠንካራ መጠጥ፣ ከስኳር፣ ከውሃና ከመራራ ቅመም የተሰናዳ መጠጥ ማለት ነበር። በዚህ ሚዛን ቢመዘን፣ ቢራ ውሃውንም ምሬቱንም ከብቅሉም የተረፈውን ጥቂት ጣፋጭነት በአንድነት ይዞ ስለሚመጣ፣ ውስኪ ከቢራ ጋራ መቀላቀሉ የሰካራም ፈሊጥ ነው የሚሉት ሰዎች ነገሩን በሚገባ አልመረመሩትም። ጄሪ ቶማስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው የመጠጥ መጽሐፍ ውስጥ ሳወር የተባለው፣ የጠንካራ መጠጥና የሎሚ የስኳርም ቅልቅል ይገኛል፤ ከዚህ በታች የሚገለጠው የቤት አሠራርም በዚሁ መሠረት ላይ ቢራን የሚጨምር ነው።

ለአንድ ሰው የሚበቃው 45 ሚሊ ሊትር ውስኪ፣ 22 ሚሊ ሊትር ወዲያው የተጨመቀ ሎሚ፣ 22 ሚሊ ሊትር በእኩል ሙቅ ውሃ የቀጠነ ማር፣ እንዲሁም 110 ሚሊ ሊትር በሚገባ የቀዘቀዘ ቢራ ነው። መስፈሪያ የሌለው ሰው የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ ዐውቆ፣ ውስኪውን በ3 ማንኪያ፣ ሎሚውንና ማሩን በአንድ ተኩል በአንድ ተኩል ማንኪያ ይለካ፤ የአገራችን ትንሿ ሎሚ ግን ኮምጣጣነቷ የበረታ ስለ ሆነ በአንድ ማንኪያ ጀምሮ መቅመስ ይሻላል። ከቢራው በቀር ያለው ሁሉ፣ ክዳኑ በሚገጥም የማርማላታ ብልቃጥ ውስጥ ከበረዶ ጋራ ተጨምሮ 15 ሴኮንድ ያህል በብርቱ ይናጣል፤ በዚህ ጊዜ ከበረዶው የሚቀልጠው ውሃ ጉድለት ሳይሆን የመጠጡ አንድ ክፍል ነው፣ የውስኪውን ኀይል አለዝቦ መዓዛውን ይገልጠዋልና። ከዚያም አዲስ በረዶ ወዳለበት ረጅም ብርጭቆ በማጥለያ ይቀዳል፤ በመጨረሻም ብርጭቆው ዘንበል ተደርጐ ቢራው በዳር በኩል ቀስ ብሎ ይወርድበትና አንድ ጊዜ ብቻ ከሥር ወደ ላይ በማንኪያ ይማሰላል።

ቢራው መጨረሻ እንዲገባ የታዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። በቢራ ውስጥ በግፊት ተሟሙቶ የሚኖረው ካርቦን ዳዮክሳይድ ሙቀትና መናወጥ ባገኘው መጠን ይሸሻል፤ ስለዚህ ቢራን ከውስኪው ጋራ በታሸገ ብልቃጥ የሚንጥ ሰው፣ ክዳኑ ሲፈናጠር ግድግዳውን ያጥብበታል፣ የሚተርፈውም አረፋ አልባና የሞተ ቱሳሔ ነው። መለኪያውን እንዳለ ከነውስኪው ከቢራው ብርጭቆ ውስጥ መጣል ለጨዋታ ያህል የሚደረግ ቢሆንም፣ የብርጭቆው ጠርዝ ወይም ጥርስ ሊሰበርበት ስለሚችልና መጠጡም ሳይጣጣም በጥድፊያ ስለሚዋጥ፣ በቤት ውስጥ ይህን መከልከል ተገቢ ነው።

ስለ ምርጫው፣ ጣፋጭነት የሚያደላበት ቡርቦን ከጠቆረ ብቅል ከተጠመቀ ቢራ ጋራ፣ ፒት በተባለው የረግረግ አፈር ጭስ የታጠነው የስኮትላንድ ውስኪ ፖርተር ከተባለው ጥቁር ቢራ ጋራ፣ ለስላሳው የአየርላንድ ውስኪ ስታውት ከተባለው ጥቁር ቢራ ጋራ ይስማማሉ። ላገር የተባለው ቀላል ቢራ ከሁሉም ጋራ ሳይጣላ ይኖራል፤ ይሁን እንጂ በጭስ ከታጠነ ውስኪ ጋራ ሲገናኝ ድምፁ አይሰማም። እጅግ መራራ ቢራ ከሎሚ ጋራ ሲገጥም ምላስን ስለሚያደርቅ፣ ለጀማሪ አይመከርም።

ማር በሌለበት፣ ከቢራው ራሱ ሽሮፕ ማብሰል ይቻላል፤ እኩል ቢራና ስኳር በዝግ ባለ እሳት እስኪወፍር ድረስ ማቆየት ነው። ነገር ግን እሳቱ የሆፕሱን መዓዛ ሲያበንን ምሬቱን አያበንነውም፤ ውሃው በጐደለ መጠን ምሬቱ እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ሆፕሱ ያነሰ፣ ብቅሉ የበዛ ቢራ ነው።

ጣዕሙ ለስላሳ መሆኑ የመጠጡን ብርታት ይሰውራል። ባለ 40 በመቶ ውስኪና ባለ 5 በመቶ ቢራ በተባለው ልክ ሲቀላቀሉ በብርጭቆው ውስጥ 24 ሚሊ ሊትር ገደማ ንጹሕ አልኮል ይገኛል፤ ይህም፣ የበረዶው ውሃ ከተጨመረ በኋላ፣ መጠጡን ወደ 10 በመቶ ያደርሰዋል፣ ማለት ከቢራ እጥፍ ነው። በጥንቱ አኳኋን አንድ መለኪያ ውስኪ ከሙሉ ጠርሙስ ቢራ ጋራ ሲጠጣ ግን የአልኮሉ ልክ ከ34 ሚሊ ሊትር ያልፋል። ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለሦስት ብርጭቆ በትክክል ስለሚበቃ፣ የተከፈተም ቢራ አረፋውን ለማግስቱ ስለማያቆይ፣ ይህን መጠጥ ለብቻ ከማሰናዳት ሁለት እንግዶች በተገኙ ጊዜ ማሰናዳት ይሻላል።