የዘመን ድምፅ ይቀዳልን?

በዚህ ገጽ ስለ ሥልጣንና ስለ ሥርዓት ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ስለ ሙዚቃ ልጽፍ ነው። ርእሱን የለወጥኩ የሚመስለው ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ፤ ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ይመልሰናል።

ጥያቄው የሚከተለው ነው። ዘፋኝ የሌለው፣ በመሣሪያ ብቻ የሚጫወት አዲስ ሙዚቃ ሠርቶ፣ ሰሚው ያለ ማመንታት «ይህ የንጉሡ ዘመን ነው» እንዲል ማድረግ ይቻላል ወይ? የሚቻል ከሆነስ በትክክል የተቀዳው ምንድን ነው? በቅርቡ አንድ ወጣት የኪቦርድ ተጫዋች ይህንኑ ሲጠይቀኝ የፈለገው የቴክኒክ መልስ ነበር፤ የትኛው ማይክሮፎን፣ የትኛው ቴፕ፣ የትኛው ኦርጋን። እኔ የታሪክ መምህር በመሆኔ መልሴ ሳይረዝምበት አልቀረም። ይህች ጽሑፍ የዚያ መልስ ማስፋፊያ ናት።

የጥያቄው ምንጭ ግልጽ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የቀድሞ ሸክላዎቻችንን በተከታታይ ማሳተም ያዙ። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ የመሣሪያ ሙዚቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሥራዎች ሲያሰማ፣ አዲስ አበባን በካርታ ላይ እንኳ የማያውቅ ሰው ቅኝታችንን ማንጎራጎር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ፓሪስ ውስጥ «አካሌ ውቤ»፣ ጄኔቫ ውስጥ «ኢምፔሪያል ታይገር ኦርኬስትራ»፣ ቦስተን ውስጥ «ደቦ ባንድ» የዚያን ዘመን ድምፅ ይዘው ተነሡ። የኒውዮርኩ «ቡዶስ ባንድ» ደግሞ የእኛን ቅኝት ከራሱ ስልት ጋር አዛምዶ አዳዲስ ድርሰቶችን ሠራ።

በቴክኒክ በኩል ሥራው እንደሚቻል ተረጋግጧል። የ«ቡዶስ ባንድ»ን ሥራዎች ያሳተመው የብሩክሊኑ «ዳፕቶን» ኩባንያ ዘዴውን በሚገባ አሳይቷል። በኮምፒውተር ፈንታ ስምንት መስመር ባለው የቴፕ መቅጃ ይጠቀማል፤ ተጫዋቾቹን በአንድ ክፍል ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ያጫውታል፤ ማይክሮፎን አያበዛም። ውጤቱ ተአምር ሳይሆን ፊዚክስ ነው። ድምፁ ሲበረታበት ቴፑ ሹል ጫፉን ያለዝበዋል። የድራሙ ድምፅ ወደ ሳክስፎኑ ማይክሮፎን ስለሚገባ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። አንዱ የሳተውን ለብቻ ነቅሶ ማረም ስለማይቻል ሁሉም እየተደማመጠ ይጫወታል። የኤሚ ዋይንሃውስ እ.ኤ.አ. የ2006 አልበም ያን የቆየ ቃና ያገኘው፣ በከፊል በዚሁ ኩባንያ ሙዚቀኞች አጃቢነት ነው።

ወደ እኛ ሲመጣ ግን ከቴፑ በፊት የሚቀድሙ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በክራርና በማሲንቆ ሲቃኙ፣ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ከፒያኖው አሥራ ሁለት እኩል ክፍሎች ጋር አንድ አይደለም። የዚያ ዘመን ሳክስፎን ተጫዋቾች ይህን ልዩነት በከንፈራቸው እያጎበጡና እያንቀጠቀጡ ይመልሱት ነበር። ሁለተኛው የችክችካው ምት ነው፤ ስድስቱን በሁለትም በሦስትም ከፍሎ የሚያሰማ ምት በመሆኑ በማሽን እኩል ሲሰደር ይደርቃል። ሦስተኛው የሸክላው መጠን ነው። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጹ ሦስት አራት ደቂቃ ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ አቀናባሪው መግቢያውን አሳጥሮ ዜማውን ቶሎ ማቅረብ ነበረበት። እነዚህን ያልያዘ ሰው፣ በቀረጻው ላይ የሸክላ ጭረት ድምፅ ቢጨምርበት ያገኘው አቧራውን ብቻ ነው። ያ ጭረት የባንዱ ሐሳብ አልነበረም፤ እኛ በርካታ ዓመታት ስናጫውተው ያመጣነው ጉዳት ነው።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ይገባል። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ያን ያህል የደመቁት ለምንድን ነው? መንግሥት ስለፈለጋቸው ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ ያዩዋቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ አምጥተው የቤተ መንግሥት የማርሽ ባንድ አደረጓቸው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር አንድ ትውልድ አሠልጥነዋል። የክብር ዘበኛው፣ የፖሊስ ሠራዊቱና የማዘጋጃ ቤቱ ኦርኬስትራዎች አባላት ደመወዝተኞች ነበሩ፤ መሣሪያውም የመሥሪያ ቤቱ ነው። ዛሬ እንደ ልዩ ውበት የምንሰማው የትንፋሽ መሣሪያዎች ኅብረት የዕለት ተዕለት ልምምድ ውጤት ነው፤ የልምምዱን ወጪ የሸፈነው ደግሞ የመንግሥት በጀት ነው።

በጀቱ ግን ልጓም ነበረው። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በመንግሥት ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር። ወጣቱ ነጋዴ አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ብቸኛ መብት ተዳፍረው የራሳቸውን ሸክላ ማሳተም ባይጀምሩ ኖሮ፣ ዛሬ «ወርቃማ» የምንለው ዘመን አብዛኛው ድምፅ ሳይቀዳ በቀረ ነበር። ሸክላው የታተመው መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላም ቤይሩት ነው። ወርቁን ከመንግሥት ደመወዝና ከአንድ ሰው ድፍረት ያገኘን መሆናችንን የሚያስታውስ ትዝተኛ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሰዓቱ እየተለዋወጠ እስከ 1983 ዓ.ም. ዘለቀ። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ አሜሪካ ሄዱ። ሆኖም ሙዚቃው በአንድ ሌሊት አልሞተም። ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ሲጫወት ኖሯል፤ «ቸ በለው» የተሰኘውን የመሣሪያ አልበሙን ያሳተመውም በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በዚያን ጊዜ ለጭፈራ የመጣ ሰው ሰዓት እላፊው ከደረሰበት እስከ ንጋት መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ባንዱም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል። ያ የተዝናና፣ የማይቸኩል አጨዋወት ከፊሉ የተወለደው በሩ ከተዘጋበት አዳራሽ ውስጥ ነው። በውጭ ያለው ጥበቃ ለምን እንደቆመ ለአንባብያን መንገር አያሻኝም። አንድ የዛሬ ባንድ ኦርጋኑን ገዝቶ፣ ቴፑን አስተካክሎ ይህን ድምፅ በትክክል ቢያወጣው ደስ ይለኛል፤ ሰሚው ግን ድምፁ የት እንደተወለደ ሳያውቅ «ምን ያለ ደግ ዘመን ነበር!» ብሎ እንዲመለስ አልመኝም።

ከሁሉ በላይ ለወጣቱ የነገርኩት ግን ሌላ ነው። የምንቀዳቸው ሰዎች ራሳቸው ያለፈ ዘመን ድምፅ ሲፈልጉ ምን አደረጉ? ጌታቸው መኩሪያ የሽለላን ወኔ ወደ ሳክስፎን አመጡት፤ የአርበኛው ጉሮሮ በናስ ውስጥ ጮኸ። ሙላቱ በቦስተን በርክሊ ከተማሩ በኋላ አምስት ድምፅ ባለው ቅኝት ሥር የጃዝ ስምምነቶችን ሲያነጥፉ፣ ቅኝቱ ማንነቱን እንዳያጣ ተጠነቀቁ፤ ቫይብራፎኑም የዚያው ሙከራ አካል ነበር። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ሄደው በዚያው ቀሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የልጅነታቸውን የአኮርዲዮን ድምፅ ለመመለስ ሲነሡ ብቻቸውን ነበሩ። ባንዱ በሌለበት የድራም ማሽንና ሲንተሳይዘር አጃቢ አደረጉ። በቴፕና በማይክሮፎን ከለካነው ይህ ሥራ የሚመልሰው የድሮ ነገር የለውም። ጆሮ ግን ወዲያው ያውቀዋል፤ የእጁ አጨዋወትና ቅኝቱ ከዚያው ነውና። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም በዋሽንግተን ታክሲ ይነዱ የነበሩትን ሰው ወደ መድረክ መልሷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018ም «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አውጥተዋል።

ሦስቱም ያደረጉት በዘመናቸው መሣሪያ ያለፈውን መጥራት ነው። የዛሬው ወጣት በድሮ መሣሪያ ያለፈውን ለመጥራት ይሞክራል። መንገዱ የተከለከለ ነው አልልም፤ የባዕድ አገር ባንዶች በዚህ መንገድ ሄደው መልካም ሥራ ሠርተዋል፤ ጆሯችንን ወደ ራሳችን ሸክላ መልሰዋል። ለእኛ ልጆች ግን ይህ ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም። ፓሪስ ያለው ተጫዋች ቅኝቱን ከሸክላ ከመማር በቀር ብዙ አማራጭ የለውም። የእኛ ተጫዋች ግን ማሲንቆ መቺውን፣ ዋሽንት ነፊውንና ከዚያ ዘመን የተረፉትን አረጋውያን ሙዚቀኞች ቤታቸው ሄዶ መጠየቅ ይችላል። እነርሱም በየዓመቱ እያነሱ ነው፤ ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ2016፣ አምኃ እሸቴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል።

እናም ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ ይህ ነው። ቴፕ ካገኛችሁ ተጠቀሙበት። አስቀድማችሁ ግን አምስት ስድስት ሆናችሁ በአንድ ክፍል፣ በየቀኑ፣ ለረጅም ጊዜ ተለማመዱ። ያን ጊዜ ክፍሉንና ደመወዙን የሰጠው መንግሥት ነበር፤ ሲሰጥም ቁጥጥሩን አብሮ ሰጥቷል። ዛሬ ያለ ቁጥጥሩ ክፍሉን ማን ይስጥ? ማዘጋጃ ቤቱ? ሆቴሎቹ? ዩኒቨርሲቲዎቻችን? በኪቦርድ አንድ ሰው ብቻ ቀጥሮ ምሽቱን መሸፈን በሚቻልበት ከተማ፣ ስምንት ሰው ያለው ባንድ ራሱን ችሎ እንዲቆም የሚያደርግ አሠራር ካልተበጀ፣ የዚያ ዘመን ድምፅ ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ከርእሴ አልወጣሁም ያልኩት ለዚህ ነበር።