«መርሳ» የተባለው የባሕረኞች ቃል ትርጓሜና ሥርወ ቃል

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሚገኘው የሀብሩ ወረዳ ከተማ መርሳ ይባላል። በኤርትራ የቀይ ባሕር ዳርቻም መርሳ ፋጥማና መርሳ ተክላይ የሚባሉ ቦታዎች አሉ፤ እነዚህ ግን የጀልባ መጠጊያዎች ናቸው። የሀብሩ መርሳ በቀጥታ ቢለካ ከባሕር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ወረዳውን በደቡብ የሚያዋስነው የሚሌ ወንዝ እንኳ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል እንጂ ከባሕር አይደርስም። እንግዲህ የስሞቹን መመሳሰል የሚመለከት ሰው፥ የባሕሩን ቃል ትርጓሜና የስሞቹን ዝምድና ለየብቻ መመርመር ይገባዋል።

በዐረብኛ «መርሳ» ማለት መርከብ መልሕቁን ጥሎ የሚቆምበት ስፍራ ነው። ቃሉ የወጣው «ረሳ» ከሚለው ግሥ ሲሆን ትርጓሜው ጸና፥ ረጋ፥ ተተከለ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ቁርኣን ጽኑዎቹን ተራሮች «ረዋሲ» ይላቸዋል። ስለዚህ የቃሉ መሠረት ጽናት ነው እንጂ ውኃ አይደለም፤ ወደብም መርሳ የተባለው መርከብ ጸንቶ ስለሚቆምበት ነው። ዐረቦች በ827 እ.ኤ.አ. ወደ ሲሲልያ፥ በ870 እ.ኤ.አ. ወደ ማልታ ከገቡ ወዲህ ቃሉ በዚያም ተተክሎ ቀርቷል። የሲሲልያዋ ማርሳላ፥ የማልታዎቹ ማርሳና ማርሳሽሎክ፥ እንዲሁም «ታላቁ ወደብ» የተባለው የአልጄርያው መርስ ኤል ከቢር ለዚህ ምስክሮች ናቸው።

ግእዝም የዚህ ቃል ወገን የሆነ ቃል አለው። በመዝሙረ ዳዊት በ106ኛው መዝሙር፥ በዕብራይስጡ አቈጣጠር በ107ኛው፥ ስለ ባሕር ተጓዦች በሚናገረው ክፍል ወደቡ «መርሶ» ተብሏል። የሁለቱም ቃላት ሥር ረ፥ ሰ፥ ወ ነው። «መርሰው» ከሚል ጥንታዊ መልክ ብንነሣ፥ በግእዝ የመጨረሻው ወ ከፊቱ ካለው ድምፅ ጋር ተዋሕዶ ሳብዕ ይሆናል፤ በዐረብኛ ግን ረዥም ራብዕ ይሆናል። በዛሬው አማርኛ የተለመደው ቃል ደግሞ «ወደብ» ነው።

ከዚህ ላይ ተመራማሪውን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የአማርኛው «ረሳ» ዘነጋ ማለት ሲሆን የግእዝ መልኩ «ረስዐ» ነው። የዐ ድምፅ በአማርኛ ስለ ጠፋ፥ የዐረብኛው ጸና እና የአማርኛው ዘነጋ በጆሮ አንድ መስለው ይሰማሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። በድምፅ ብቻ የሚፈርድ ሰው የሀብሩን ከተማ ስም ከወደብ ለማውጣት የቻለውን ያህል ከመርሳትም ለማውጣት ይችላል። ሁለት የማይስማሙ ትርጓሜዎችን እኩል የሚደግፍ ማስረጃ ደግሞ አንዱንም አያጸናም። በባሕር ዳርቻ ያሉት መርሳዎች ስሙም ነገሩም አላቸው፤ በሀብሩ ግን ያለው ድምፁ ብቻ ነው። ዝምድናውን ለመናገር የስሙ ጥንታዊ ጽሕፈት፥ በአገሩና በአካባቢው በሚነገሩት በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በአፋርኛ ያለው ፍቺ፥ የቦታውም ተፈጥሮ አብረው መመርመር አለባቸው።

ደግሞም የባሕር ቃል ከባሕር በራቀ አገር መታወቁ፥ ባሕረኞች በዚያ ለመኖራቸው ምስክር አይሆንም። ሀብሩ ጥንት የየጁ አገር ክፍል ነው፤ በየጁም የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና እንደ ዳና ባሉ ስፍራዎች የታወቀው የእስልምና ትምህርት ጎን ለጎን ኖረዋል። ዳዊት የሚደግም ተማሪ ባሕር ሳያይ «መርሶ» የሚለውን ቃል በመዝሙሩ ያገኘዋል። ቁርኣን የሚቀራ ደረሳም በሁድ ምዕራፍ በ41ኛው አንቀጽ፥ የኖኅ መርከብ መሄዷና መቆሟ በተነገረበት ቦታ፥ ከዚያው ሥር የወጣውን «ሙርሳ» ያነባል። ስለሆነም ሁለቱ የአንድ አገር ልጆች በሁለት መጻሕፍት የአንድን ሥር ቃል ተምረዋል። የቃሉን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን የመጻሕፍት መንገድ ከመርከብ መንገድ ለይቶ ማየት ይኖርበታል፤ አለዚያ ከአንድ ከተማ ስም ብቻ ያልነበረ ወደብ ይሠራል።