ሐኪም ወርቅነህና የተረሳው ቋንቋ

«ሰው ከቆረጠ ራሱን በራሱ ይሠራል» የሚሉ መጻሕፍት በየአዟሪው ክንድ ላይ በዝተዋል። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ ጎደሎ ግን ነው። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ ጎደሎውንም እውነቱንም አንድ ላይ ያሳያል።

መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ስትወድቅ ወርቅነህ አራት ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው በመገኘታቸው ቻርልስ ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። እሱ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። «ቻርልስ ማርቲን» የተባሉትም በእነዚህ ሁለት ሰዎች ስም ነው። በ1874 ዓ.ም. ከላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ፤ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን አዳብረው በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆኑ።

እስከዚህ ድረስ ተማሪው መትጋቱ እሙን ነው። ነገር ግን ሁለቱ ኮሎኔሎች ባይኖሩ ትጋቱ ከምን ያደርሰው ነበር? ይህን ጥያቄ እየዘለለ ስለ ስኬት የሚሰብክ ሁሉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔን አያሳምነኝም።

የሰውየው የራሱ ፈቃድ ፍንትው ብሎ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። በበርማ ደመወዝ፣ ማዕረግና የጡረታ ተስፋ ነበራቸው። ማንም «ና» ያላቸው የለም። ከዐድዋ ድል በኋላ ግን የትውልድ አገራቸው ነገር አላስቀምጥ አላቸው፤ በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ዐፄ ምኒልክ በደስታ ተቀበሏቸው። አንዲት አሮጊት «የልጅ ልጄ ነው» ብለው ቀርበው በገላቸው ላይ ባለ ጠባሳ እንደለዩዋቸው ይተረካል።

ታዲያ አያትና የልጅ ልጅ በምን ቋንቋ ይጫወቱ? ወርቅነህ አማርኛውን ረስተውት ነበርና በአስተርጓሚ ነው። እስቲ አስቡት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት የሆናቸው፣ በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ በእናታቸው ቋንቋ ግን ገና አፍ ያልፈቱ። ለተማረ ሰው እንደ ሕፃን እየተንተባተቡ መጀመር ከፈተና ሁሉ የከበደ ይመስለኛል። አዋቂ ነኝ ብሎ ያመነ ሰው መሳሳትን ያፍራል፤ ያፈረም አይማርም። እሳቸው ግን ተማሩ። በእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ምክንያት ደጋግመው ቢሄዱም መመለሳቸውን አልተዉም። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ። ዛሬ ብዙም የማይነሣውን የጂኦግራፊ መጽሐፋቸውን ያሳተሙትም በዚያው ረስተውት በነበረው አማርኛ ነው።

ጣሊያን አገራችንን ሲወር በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ተምረው አገራቸውን ለማገልገል የተመለሱት ሁለት ልጆቻቸው፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በ1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተገደሉ። አባትየው ከስደት ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. እዚያው አዲስ አበባ አረፉ።